በአሜሪካ ከ1861 በፊት በባርነት የተነሱ ግጭቶችና ዓመፆች ነበሩ? የምታውቁ አስረዱኝ

የቀበናዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የአሜሪካ ዜግነት ፈተና እያጠናሁ ነው። በ2008 ከወጣው ፈተና መቶ ጥያቄዎች አንዱ ለእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት ከሆኑት ችግሮች አንዱን ጥቀሱ ይላል። መልሱ ባርነት፣ የኢኮኖሚ ጉዳይ ወይም የስቴቶች መብት ነው። አንዱን ካልሽ ትክክል ነው።

ያልገባኝ ነገር ግን አለ። አፍሪካውያን ወደ ቨርጂኒያ የመጡት በ1619 ነው። ጦርነቱ የተነሳው በ1861። በመሃል 240 ዓመት አለ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ «ዝም ብለው ተቀበሉት፤ ነፃ ያወጣቸው ሊንከን ነው» አለኝ። አልተዋጠልኝም። ሰው ልጁ ከእቅፉ እየተሸጠበት ያን ሁሉ ዘመን ዝም ይላል? ያነበባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ አድርጉልኝ።

ዋርካ ሥር፦

እህቴ፣ ባልደረባሽ ያለው ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፤ እውነት ግን አይደለም። አንድ ዘዴ ልንገርሽ። ባሪያ አሳዳሪዎቹ «ባሮቻችን ደስተኞች ናቸው» ያሉትን ተይውና ያወጡትን ሕግ አንብቢ። ከእያንዳንዱ ዓመፅ በኋላ አዲስ ሕግ ይወጣል። ሕጉ የፈሩትን ነገር አንድ በአንድ ይነግርሻል።

ስቶኖን እንውሰድ። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1739፣ እሑድ ጠዋት ነው። ቦታው ሳውዝ ካሮላይና፣ ከቻርልስተን 20 ማይል ያህል ርቆ በስቶኖ ወንዝ አጠገብ። 20 ያህል ሰዎች ተሰበሰቡ። መሪያቸው ጄሚ ይባላል። መጀመሪያ የሄዱት ጠመንጃና ባሩድ ወደሚሸጥበት ሱቅ ነው። ሁለት ባለሱቆች ገደሉ፣ መሣሪያውን ወሰዱ፣ ወደ ደቡብ ጉዞ ጀመሩ። ባንዲራ ይዘዋል፣ ከበሮ ይመታሉ፣ «ነፃነት!» እያሉ ይጮሃሉ። በየእርሻው ሰው እየተቀላቀላቸው ከ60 እስከ 100 ደረሱ። በመንገዳቸው ያገኟቸውን ከ20 በላይ ነጮች ገደሉ። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ግን ለባሮቹ ደግ ነው ብለው ሳይነኩት አለፉ።

ለምን ወደ ደቡብ? ፍሎሪዳ ያኔ የስፔን ነበረች። የስፔን ንጉሥ በ1693 ከእንግሊዝ ግዛት አምልጦ መጥቶ ካቶሊክ ለሚሆን ሰው ነፃነት እሰጣለሁ ብሎ አውጇል። ለባሮቹ አዝኖ አይደለም፤ እንግሊዝን ለማዳከም ነው። በ1738 ደግሞ ከሴንት ኦገስቲን ከተማ በስተሰሜን ፎርት ሞሴ የሚባል የነፃ ጥቁሮች መንደርና ምሽግ ተቆረቆረ። የሚሊሻው አዛዥ ፍራንሲስኮ ሜኔንዴዝ ራሱ ከካሮላይና ያመለጠ አፍሪካዊ ነው። ይህ ወሬ ካሮላይና ደርሶ ነበር። እነ ጄሚ መድረሻቸውን ያውቁ ነበር ማለት ነው።

የታሪክ ተመራማሪዎች የሚሉት ሌላም ነገር አለ። ከዓመፀኞቹ ብዙዎቹ ከኮንጎ መንግሥት የመጡ ናቸው። ኮንጎ ያኔ ካቶሊክ ከሆነች ከ200 ዓመት በላይ አልፏታል። አንዳንዶቹም በአገራቸው ወታደር የነበሩ፣ ጠመንጃ መተኮስ የሚያውቁ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ አርፈው ከበሮ እየመቱ ሌሎች እስኪመጡ ሲጠብቁ ሚሊሻው ደረሰባቸው። ብዙዎቹ እዚያው ሞቱ። የተያዙትም ተገደሉ፤ የአንዳንዶቹ ራስ መንገድ ዳር እንጨት ላይ ተሰካ።

አሁን ሕጉን እይ፣ የ1740ውን። ባሪያን መጻፍ ያስተማረ 100 ፓውንድ ይቀጣል። ከበሮና ጥሩምባ ተከለከለ። ተሰብስቦ መቆም ተከለከለ። በሌላ በኩል ባሪያን በሞቃቱ ወራት በቀን ከ15 ሰዓት በላይ ማሠራት ክልክል ነው አሉ። 15 ሰዓት «ማሻሻያ» ከሆነ በፊት ስንት ነበር ብለሽ አስቢ።

ጋሽ በየነ፦

ዋርካ ሥር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የከበሮው ክልከላ ነው ልቤን የነካው። ነጋሪት ሲጎሰም አገር እንዴት እንደሚነቃነቅ እኛ ሽማግሌዎቹ ከአባቶቻችን ሰምተናል። እነዚያም ሰዎች ከበሮ ዘፈን ብቻ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል። ሠራዊት የሚጠራ ድምፅ ነው።

ፎርት ሞሴ ያልከው ቦታ ምን ሆነ? ካሮላይናዎቹ ዝም አሉት?

ዋርካ ሥር፦

አላሉትም ጋሼ። በ1740 የእንግሊዝ ጦር ፍሎሪዳን ወርሮ ሞሴን ያዘ። በጁን ወር የሜኔንዴዝ ሚሊሻ ከስፔኖችና ከነባር ሕዝቦች ተዋጊዎች ጋር ሆኖ ንጋት ላይ አጠቃና መልሶ ወሰደው። ከትናንት ወዲያ ባሪያ የነበሩ ሰዎች የቀድሞ ጌቶቻቸውን ጦር በውጊያ አሸነፉ። ይህን ታሪክ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ቢማሩት ደስ ይለኛል።

ቴዲ ዳላስ፦

የስቶኖው ጥሩ ነው፣ ግን ወደኋላ 60 ዓመት እንመለስ። በ1676 ቨርጂኒያ ውስጥ ናትናኤል ቤከን የሚባል ሀብታም ገበሬ በገዥው በዊሊያም በርክሌይ ላይ ዐመፀ። ቤከንን ጀግና የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። እኔ አላደርገውም። የጠቡ መነሻ «ገዥው ነባሮቹን ሕዝቦች እንድንወጋ አልፈቀደልንም» የሚል ነው፤ ሰውየው ሰላማዊ ጎረቤት ነገዶችን ሳይቀር ጨፍጭፏል።

ዋናው ቁም ነገር ተከታዮቹ ናቸው። የመርከብ ወጪያቸውን በዓመታት ጉልበት ለመክፈል የተዋዋሉ ድሃ ነጮችና በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ጎን ለጎን ተሰለፉ። ዋና ከተማዋን ጄምስታውንን አቃጠሉ። ቤከን በኦክቶበር በተቅማጥ በሽታ ሞተ። መጨረሻ ድረስ እጅ አንሰጥም ካሉት መካከል 80 ጥቁሮችና 20 ነጮች አብረው ነበሩ። አንድ የመርከብ ካፒቴን ነፃነት ቃል ገብቶላቸው ካታለለ በኋላ ለጌቶቻቸው መልሶ አስረከባቸው። በርክሌይ 23 ሰው ሰቀለ።

ነገረ ሕግ፦

የዋርካ ሥርን ዘዴ እዚህም ልጠቀምበት። በ1680 ቨርጂኒያ «የጥቁሮችን ዓመፅ ለመከላከል» የሚል ሕግ አወጣች። ጥቁር ሰው ዱላም ሆነ ጠመንጃ መያዝ አይችልም። ያለ ፈቃድ ወረቀት ከጌታው እርሻ መውጣት አይችልም። በ1705 ደግሞ ሁሉም ተጠቃሎ አንድ ትልቅ የባርነት ሕግ ሆነ። በዚያው ዓመት ውሉን የጨረሰ ነጭ አገልጋይ ሲሰናበት እህል፣ ገንዘብና ጠመንጃ እንዲሰጠው ተደነገገ። ጥቁሩ ዱላ ተከልክሎ ነጩ ጠመንጃ ተሸለመ። ሁለቱ ድሆች ዳግመኛ አብረው እንዳይቆሙ የተደረገ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰሎሜ ከአትላንታ፦

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። በአሜሪካ አብዮት ጊዜ «የኢትዮጵያ ክፍለ ጦር» የሚባል እንደነበር ታውቃላችሁ?

ቀድሜ ልንገራችሁ፣ የእኛ አገር ሰዎች አይደሉም። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጥቁርን ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ልማድ ነው። ታሪኩ ግን ሊነገር ይገባል።

1775 ነው። ቨርጂኒያ በንጉሡ ላይ ተነስታለች። የንጉሡ ገዥ ሎርድ ደንሞር ከቤተ መንግሥቱ ሸሽቶ መርከብ ላይ ተቀምጧል። ወታደር የለውም። ኖቬምበር 7 አዋጅ ፈረመ። የዓመፀኞቹ የሆነ ባሪያ መጥቶ ለንጉሡ ከተዋጋ ነፃ ነው አለ። በጥቂት ሳምንታት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጀልባ፣ በእግር፣ በሌሊት እየሸሹ መጡ። 300 ያህሉ ክፍለ ጦር ሆኑ። ልብሳቸው ላይ «ነፃነት ለባሮች» የሚል ተጽፎበት እንደነበር የዘመኑ ጋዜጣ ጽፏል። ዲሴምበር 9 ግሬት ብሪጅ በሚባል ቦታ በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ ወገን ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ መርከቦቹ ላይና ግዊንስ ደሴት ላይ ፈንጣጣ ገባ። በጥይት ከሞተው በበሽታ የሞተው እጅግ ይበልጣል። በኦገስት 1776 ደንሞር የተረፉትን ይዞ ቨርጂኒያን ለቀቀ።

አሁን የነፃነት አዋጁን አንብቡት፣ የጁላይ 4ቱን። በንጉሡ ላይ ከቀረቡት ክሶች የመጨረሻው በመካከላችን የውስጥ ዓመፅ አነሳሳብን ይላል። ይህ ክስ በዋናነት ስለ እነዚህ ሰዎች ነው። «ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል» የሚለው ወረቀት ላይ ባሮቻችንን ነፃነት አሳያችሁብን የሚል ቅሬታ አብሮ ተጽፏል። መጀመሪያ የነገረኝ ሰው እያጋነነ መስሎኝ ነበር፤ ወረቀቱን ራሱን አውጥቼ ሳነበው ግን እዚያው አለ።

ቴዲ ዳላስ፦

ሰሎሜ፣ ደንሞርን ግን ነፃ አውጪ አናድርገው። እሱም ባሮች ነበሩት። አዋጁ ለንጉሡ ታማኝ የሆኑ ሰዎችን ባሮች አይጨምርም። በሌላ በኩል ለአሜሪካ ወገን የተዋጉ ጥቁሮችም ነበሩ፤ ወደ 5,000 ይገመታሉ። ከሮድ አይላንድ የተነሳው ክፍለ ጦር ይታወቃል።

ሰሎሜ ከአትላንታ፦

ትክክል ነህ፣ ደንሞርን ለማመስገን አይደለም የጻፍኩት። ስለ ሸሹት ሰዎች ነው የማወራው። አንዱን ስሙ፤ ሃሪ ዋሽንግተን ይባላል። አፍሪካ ተወልዶ ወደ ቨርጂኒያ ተሸጠ። የጆርጅ ዋሽንግተን ባሪያ ነበር፤ ማውንት ቨርነን ፈረስ ይጠብቅ ነበር። ከዲሲ ግማሽ ሰዓት የማይርቀው፣ ብዙዎቻችን እንግዳ ሲመጣብን የምናስጎበኘው ቦታ ማለት ነው። በ1776 አምልጦ ወደ ደንሞር ሄደ። ጌታው የአሜሪካን ጦር ሲመራ እሱ በተቃራኒው ወገን ነበር።

በ1783 እንግሊዞች ኒውዮርክን ሲለቁ 3,000 ያህል ጥቁሮችን በመዝገብ ጽፈው ዛሬ ካናዳ ውስጥ ወዳለችው ኖቫ ስኮሺያ ወሰዷቸው። ሃሪ እዚያ መዝገብ ላይ አለ። ኖቫ ስኮሺያ ብርድና ረሃብ ሆነባቸው። በ1792 ወደ 1,200 የሚሆኑት በመርከብ አፍሪካ ተመልሰው ሲየራ ሊዮን ውስጥ ፍሪታውንን መሠረቱ። ሃሪም አብሮ ሄደ። በ1800 ደግሞ የሚያስተዳድራቸው ኩባንያ በመሬታቸው ላይ ግብር ሲጥልባቸው ዐመፁ። ሃሪ ከዓመፀኞቹ አንዱ ሆኖ ተግዞ ቀረ። የቀድሞ ጌታው ያለ ፈቃዳችን ግብር ተጣለብን ብሎ ተዋግቶ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ሃሪ ለዚያው ጥያቄ የተሰጠው ግዞት ነው።

የቀበናዋ፦

ሰሎሜ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ማውንት ቨርነን ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ስሙን አልሰማሁም።

ዋርካ ሥር፦

የሰሎሜ የመጨረሻ ነጥብ ላይ ልጨምር፤ ለእኔ የዚህ ርዕስ ልቡ እዚህ ነው።

ከነፃነት በኋላ በነጮች የተነሱ ሦስት ዓመፆች አሉ። በ1786 እና 87 በማሳቹሴትስ በዕዳ የተያዙ ገበሬዎች፣ ብዙዎቹ የአብዮቱ ጦር ታጋዮች፣ በዳንኤል ሼይስ መሪነት ፍርድ ቤቶችን ዘጉ። ስፕሪንግፊልድ ያለውን የመሣሪያ ግምጃ ቤት ለመያዝ ሞክረው አራት ሰው ሞተባቸው። በ1794 በምዕራብ ፔንስልቬኒያ በውስኪ ቀረጥ ምክንያት ዓመፅ ተነሳ፤ ዋሽንግተን ወደ 13,000 ሚሊሻ አዘመተ። በ1799 እዚያው ፔንስልቬኒያ ጆን ፍሪስ በቤት ግብር ላይ ሰው አስነሳ።

ምን ሆኑ? ሼይስ በ1788 ምሕረት አገኘ። በውስኪው ዓመፅ በአገር ክህደት ሞት የተፈረደባቸውን ሁለት ሰዎች ዋሽንግተን ማራቸው። ፍሪስም ሞት ተፈርዶበት ፕሬዚዳንት አዳምስ በሜይ 1800 ማሩት።

በዚያው በ1800፣ ከሦስት ወር በኋላ፣ ሪችመንድ አጠገብ ገብርኤል የሚባል ባሪያ ነበር። የ24 ዓመት ወጣት፣ ብረት ቀጥቃጭ፣ ማንበብ የሚችል። ማጭድ እየሰነጠቁ ሰይፍ ሠሩ። ዕቅዱ ሪችመንድ ገብቶ መሣሪያ መያዝ፣ ገዥውን ጄምስ ሞንሮን መያዝና ለነፃነት መደራደር ነው። ኩዌከርና ሜቶዲስት የሚባሉ ክርስቲያኖችና ፈረንሳዮች አይነኩም ብሎ ነበር፤ ለነፃነት ያዘነብላሉ ብሎ ስላመነ። ኦገስት 30 ማታ ሊነሱ ሲሉ ከባድ ዝናብ ጥሎ ድልድዩን ወሰደው። በዚያው ቀን ሁለት ባሮች ለጌታቸው ተናግረው ነበር። አንድም ነጭ አልተገደለም። 26 ሰው ተሰቀለ። ገብርኤል የተሰቀለው ኦክቶበር 10 ነው። ጄፈርሰን ራሱ ለሞንሮ በጻፈው ደብዳቤ ስቅላቱ በቅቷል የሚል ስሜት በብዙዎች ዘንድ እንዳለ ነግሮታል።

መሣሪያ ይዘው ዕዳና ግብር አንከፍልም ያሉት እነዚህ ሰዎች ምሕረት አገኙ። ማንንም ሳይገድሉ የተያዙት ተሰቀሉ። በ1806 ቨርጂኒያ ነፃ የወጣ ጥቁር በ12 ወር ውስጥ ስቴቱን ለቆ ይውጣ የሚል ሕግ ጨመረች። ነፃ ጥቁር ማየት ራሱ ለባሪያው ትምህርት እንዳይሆንበት ነው።

ነገረ ሕግ፦

ሕገ መንግሥቱም ውስጥ አለ። በሼይስ ዓመፅ የደነገጡ ሰዎች በሜይ 1787 ፊላዴልፊያ ተሰበሰቡ። ኮንግረስ ዓመፅን ለመጨፍለቅ ሚሊሻ መጥራት ይችላል የሚለው እዚያ ገባ። አምልጦ ሌላ ስቴት የደረሰ ባሪያ ለጌታው ይመለስ የሚለውም ገባ። «ባሪያ» የሚለው ቃል ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም። ከዚያ ወዲህ የቨርጂኒያ ባሪያ ቢነሳ የማሳቹሴትስ ገበሬም በሕግ ሊዘምትበት ነው።

የሌሊት ሹፌር፦

ሰላም ሰላም። አንድ ጥያቄ። ሄይቲዎች ከ1791 ተነስተው በ1804 ነፃ ወጥተዋል። እዚህ ለምን አልሆነም? ፍርሃት ነው?

ዋርካ ሥር፦

ፍርሃት አይደለም ወንድሜ፣ ቁጥር ነው። ሄይቲ ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ ሰው በባርነት የተያዘ ነበር። እዚህ ግን በደቡብ አብዛኛው ቦታ ነጮቹ ይበዙ ነበር፤ የታጠቀ ሚሊሻና የሌሊት ጠባቂ ነበራቸው። ይህም ሆኖ ሞክረዋል። በጃንዋሪ 1811 ከኒው ኦርሊንስ በላይ ባሉት የሸንኮራ እርሻዎች ቻርልስ ዴሎንድ የሚባል ሰው ከ200 እስከ 500 የሚገመት ሰው አስከትሎ ወደ ከተማዋ ገሰገሰ። በቁጥር የአገሪቱ ትልቁ የባሮች ዓመፅ ይህ ነው። ሁለት ነጮች ሞቱ፤ ከዓመፀኞቹ 95 ያህል ተገደሉ። በ1831 ደግሞ በቨርጂኒያ ሳውዝሃምፕተን ናት ተርነር ተነሳ። ሰባኪ ነበር። በሁለት ቀን ወደ 55 ነጮች ተገደሉ፣ ሴትና ሕፃን ሳይቀር። በበቀል ምንም የማያውቁ ብዙ ጥቁሮች ተጨፈጨፉ። በቀጣዩ ጃንዋሪ የቨርጂኒያ ምክር ቤት ባርነትን ቀስ በቀስ እናስቀር ወይ ብሎ በይፋ ተከራከረ። አልተቀበለውም። ይልቁንም ጥቁር ሰባኪዎች እንዳይሰብኩ ከለከለ።

ቴዲ ዳላስ፦

እሺ፣ ግን እስኪ ስለራሳችንም እናውራ። እኛ አገር ባርነት በሕግ የተሻረው በ1942 ነው፣ በእኛ 1934። የአሜሪካን ስናወግዝ ይህንንም ማስታወስ አለብን።

ሰሎሜ ከአትላንታ፦

እውነትህን ነው ቴዲ፣ ሊሸሸግ የማይገባው ነገር ነው። ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ግን ለብቻው ክፈተው። እዚህ በሁለት መስመር ብናልፈው እንበድለዋለን።

ጋሽ በየነ፦

ልጆች፣ ባርነትን በመሣሪያ የተዋጋውን ነጩን ጆን ብራውንን ማንም አላነሳም። የእኔ ጥያቄ እሱ ላይ ነው። እኔ አማኝ ሰው ነኝ። ባርነት ኃጢአት መሆኑን ማንም አይነግረኝም። ነገር ግን በሜይ 1856 ካንሳስ ውስጥ ፖታዋቶሚ በሚባለው ወንዝ ዳር ይህ ሰው ከልጆቹ ጋር ሆኖ በሌሊት አምስት ሰዎችን ከቤታቸው አውጥቶ በሰይፍ ገደለ። ሚስቶቻቸው እየለመኑ። ከአምስቱ አንዳቸውም ባሪያ አልነበራቸውም። ይህን እንዴት ጽድቅ እንለዋለን?

የሌሊት ሹፌር፦

ጋሼ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደሆነ ግን ይታይ። በ1854 ኮንግረስ ካንሳስ ውስጥ ባርነት ይኑር አይኑር ነዋሪው በድምፅ ይወስን አለ። በማርች 1855 ምርጫ ተደረገ። በቆጠራው መሠረት መምረጥ የሚችለው 2,905 ሰው ነው። የተሰጠው ድምፅ 6,307! ከሚዙሪ ታጥቀው ድንበር ተሻግረው ነው የመረጡት። ሜይ 21 ቀን 1856 የፀረ ባርነት ሰዎች ከተማ የሆነችውን ሎረንስን ወረሩ፣ ሆቴሉን በመድፍ መቱ፣ የጋዜጣ ማተሚያዎቹን ሰባበሩ። በማግስቱ ዋሽንግተን ውስጥ፣ ሴኔት አዳራሽ ውስጥ፣ የሳውዝ ካሮላይናው እንደራሴ ብሩክስ ባርነትን ያወገዘውን ሴናተር ሰምነርን በከዘራ ራሱን እስኪስት ደበደበው። የብራውን ሌሊት ከዚህ ሁለት ቀን በኋላ ነው። አገሩ ጦርነት ውስጥ ነበር።

ጋሽ በየነ፦

ልጄ፣ የነገርከኝ ሁሉ ቁጣውን ያስረዳኛል። ከአልጋቸው የተጎተቱት ሰዎች ግን ሎረንስን አላቃጠሉም። በውጊያ ላይ መሞትና በሌሊት መታረድ ለእኔ አንድ አይደለም። እዚህ ላይ ካልተስማማን ሳንስማማ እንቅር።

ሰሎሜ ከአትላንታ፦

ጋሼ ያሉትን አከብራለሁ። ስለ ጥቁሮቹ የራሳቸው ትግል ግን አንድ ላክል፣ ብራውን ብቻውን እንዳይመስለን። በ1850 የወጣው ሕግ አምልጦ ሰሜን የደረሰን ሰው መልሶ ለማስረከብ ነው። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚሽነር ሰውየውን ለጌታው ከመለሰ 10 ዶላር፣ ነፃ ካለው 5 ዶላር ይከፈለው ነበር። በሴፕቴምበር 1851 የሜሪላንዱ ኤድዋርድ ጎርሳች ያመለጡ ባሮቹን ሊይዝ ክሪስቲያና፣ ፔንስልቬኒያ ሄደ። የተጠለሉበት ቤት የዊሊያም ፓርከር ነው፤ እሱም ከሜሪላንድ ያመለጠ። ሚስቱ መስኮት ላይ ወጥታ ቀንድ ነፋች። ጎረቤት በጠመንጃና በማጭድ ደረሰ። ጎርሳች ሞተ። ፓርከር፣ ራሱም ከባርነት አምልጦ የፀረ ባርነት ታዋቂ ተናጋሪ በሆነው በፍሬድሪክ ዳግላስ ቤት በኩል ካናዳ ገባ። መንግሥት ከ35 በላይ ሰው በአገር ክህደት ከሰሰ። መጀመሪያ የቀረበውን ሰው የዳኞቹ ሸንጎ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነፃ አለው፤ ክሱም ፈረሰ።

ዋርካ ሥር፦

ብራውን ያኔ የቨርጂኒያ በነበረችው ሃርፐርስ ፌሪ ከተማ ያደረገውን ነግሬያችሁ ልጨርስ። ኦክቶበር 16 ቀን 1859 ማታ ብራውን 21 ሰዎች ይዞ የፌደራሉን የመሣሪያ ግምጃ ቤት ያዘ። እዚያ 100,000 ያህል ጠመንጃ ነበር። ሐሳቡ ባሮቹን አስታጥቆ ተራራ ላይ መውጣት ነው። ዳግላስ ወጥመድ ነው፣ አትወጣም ብሎ አስጠንቅቆት ነበር። ቦታውን ያየ ሰው ይገባዋል፤ ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ጎድጓዳ ነው። የመጀመሪያው ሟች ነፃ ጥቁር የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ መሆኑም ያሳዝናል። ኦክቶበር 18 ጠዋት ሮበርት ሊ የሚመራው የባሕር ኃይል ጦር በሩን ሰብሮ ገባ። ከ22ቱ አሥሩ ሞቱ፣ ሰባቱ ተሰቀሉ፣ አምስቱ አመለጡ።

ከ22ቱ መካከል አምስት ጥቁሮች ነበሩ። ከእነሱ ዴንጀርፊልድ ኒውቢን አትርሱ። እሱ ነፃ ነው፣ ሚስቱ ሃሪየትና ልጆቻቸው ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ባሮች ነበሩ። ሊገዛቸው ገንዘብ አጠራቅሞ ነበር፤ ጌታቸው እንቢ አለ። ከብራውን ሰዎች መጀመሪያ የሞተው እሱ ነው። እንዳትሸጥ ቶሎ መጥቶ እንዲገዛት የምትለምነው የሚስቱ ደብዳቤዎች ቀሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ሉዊዚያና ሸጧት።

የቀበናዋ፦

የኒውቢን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። የተያዙት ጥቁሮችስ? ከብራውን ጋር አንድ ዓይነት ፍርድ ነው የተፈረደባቸው?

ነገረ ሕግ፦

የተያዙት ሁለቱ ጆን ኮፕላንድና ሺልድስ ግሪን ናቸው። ብራውን በሦስት ነገር ነው የተፈረደበት፦ በቨርጂኒያ ላይ ክህደት፣ ግድያና ባሮችን ለዓመፅ ማነሳሳት። ዲሴምበር 2 ቀን 1859 ተሰቀለ። በእነ ኮፕላንድ ላይም ያው ክስ ቀርቦ ነበር። ጠበቃቸው ተነስቶ ሁለት ዓመት ወደኋላ የተሰጠውን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጠቀሰ፤ የድሬድ ስኮትን። ያ ውሳኔ ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ይላል። ጠበቃው እንግዲህ ዜጋ ካልሆኑ አገራቸውን ሊከዱ አይችሉም አለ። ፍርድ ቤቱ መልስ አጣ። የክህደቱ ክስ ተነሳላቸው። በቀሩት ክሶች ሞት ተፈርዶባቸው ዲሴምበር 16 ተሰቀሉ።

የቀበናዋ፦

ዜጋ አይደላችሁም ተብለው፣ እንደ ዜጋ ተከስሰው ነበር ማለት ነው። ነገረ ሕግ፣ የድሬድ ስኮትን ውሳኔ ለብቻው ክር ክፈትለት፤ ፈተናዬ ካለፈም በኋላ ቢሆን አነበዋለሁ።